ተራራ የወጡ የጦር ጀልባዎች



ዛሬ የማወራላችሁ ስለ አንድ የባሕር ኃይል ነው። ኃይል መባሉ ራሱ ይበዛበታል፤ ሃያ ስምንት ሰውና ሁለት የሞተር ጀልባ ነበር። የተዋጋው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ከቅርቡ ውቅያኖስ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በታንጋኒካ ሐይቅ ላይ ነው። ዓመታቱንም ወራቱንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለምጠራ፣ በእኛ ማስላት የፈለገ ከዓመቱ ሰባት ወይም ስምንት ይቀንስ።

ስለዚህ ዘመቻ የተጻፈው ጥቂት አይደለም፤ አብዛኛው ግን ሳቅ ይበዛበታል። አዛዡ ቀሚስ የሚመስል ሽርጥ ይለብስ ነበር፣ ሰውነቱ በንቅሳት የተሸፈነ ነበር፣ ጉራውም ለጉድ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ታሪክ ውስጥ ሲገባ ሌላውን ሁሉ ይሸፍናል። እኔም ከጨዋታው አልነፍጋችሁም። የመጣሁበት ነገር ግን ሌላ ነው። ዙሪያውን በየብስ በተከበበ ውሃ ላይ የሚደረግ የባሕር ጦርነት፣ መድፍ ከመተኮሱ በፊት አብዛኛው አልቆ ያድራል ባይ ነኝ። ነገሩን የሚወስነው መርከቡን እዚያ ያደረሰው ነው፤ እንዴት አደረሰው፣ በማን ትከሻ አደረሰው የሚለው ነው።

መጀመሪያ ሐይቁን እንወቀው። ታንጋኒካ ከሰሜን እስከ ደቡብ 670 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ስፋቱ ግን ሰፊ በሆነበት ቦታ 70 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ጥልቀቱ 1,470 ሜትር ይደርሳል። የእኛ ጣና ጥልቅ በሆነበት 15 ሜትር ገደማ መሆኑን ስታስቡ፣ ምን ዓይነት ውሃ እንደሆነ ይገባችኋል። ዛሬ ታንዛኒያ፣ ኮንጎ፣ ብሩንዲና ዛምቢያ ይካፈሉታል። በ1914 ምሥራቁ የጀርመን፣ ምዕራቡ የቤልጂየም፣ ደቡቡ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበር። መንገድ በሌለበት አገር እንዲህ ያለ ረጅም ውሃ ማለት አውራ ጎዳና ማለት ነው። ሐይቁን የያዘ ወታደሩን ማታ ጭኖ ጠላቱ ባላሰበው ዳርቻ ጠዋት ያወርዳል፤ ሐይቁን ያጣ ደግሞ ጫካና ገደል እየቆረጠ ለወራት በእግሩ ይጓዛል።

ጀርመኖቹ ይህን ከማንም ቀድመው ገብቷቸዋል። ከዳሬሰላም ተነሥቶ ኪጎማ የሚደርሰው የባቡር ሐዲዳቸው በ1914 መጀመሪያ ላይ ሐይቁን ነክቷል። ጦርነቱ ሲፈነዳ «ሄድቪግ ፎን ቪስማን» የምትባል ትንሽ የእንፋሎት መርከብ ነበረቻቸው። ዳሬሰላም ላይ «ሞቬ» የተባለችውን የጥናት መርከባቸውን ጠላት እንዳይማርካት ራሳቸው አሰጠሟትና፣ ባሕርተኞቿን በጉስታቭ ዚመር አዛዥነት በባቡር ወደ ሐይቁ ላኳቸው። ሄድቪግ ነሐሴ ውስጥ የቤልጂጎቹን ብቸኛ ደህና መርከብ፣ «አሌክሳንደር ዴልኮሙን»ን፣ ደብድባ ከሥራ ውጭ አደረገቻት። ኅዳር ላይ የእንግሊዞቹ «ሴሲል ሮድስ» ጠፋች። «ኪንጋኒ» የምትባል ሌላ ትንሽ መርከብም ታከለች። ጀርመን ሐይቁን ያለ ተቀናቃኝ ያዘች።

ዋናዋ ግን ገና በሣጥን ውስጥ ነበረች። «ግራፍ ፎን ጌትሰን» ሰሜን ጀርመን ፓፐንቡርግ ከተማ ውስጥ ተሠርታ፣ እንደገና ተፈታትታ፣ በ5,000 ሣጥን ተጭና ነው ወደ አፍሪካ የመጣችው። ከእርሷ ጋር ከመርከብ ፋብሪካው ሦስት ሠራተኞች መጥተዋል። እነዚህ ሰዎች ኪጎማ ዳርቻ ላይ ተቀምጠው፣ ከአገሬው ሠራተኞች ጋር ሆነው ብረቱን ከብረት እየቸነከሩ፣ 71 ሜትር የምትረዝም መርከብ አቆሙ። የካቲት 1915 ላይ ውሃ ነካች፤ ሰኔ ላይ ጉዞ ጀመረች። በአንድ ጉዞ 800 ወታደር መጫን ትችላለች። በኋላም አንድ 105 ሚሊ ሜትር መድፍ ተተከለባት። መድፉ ሩፊጂ ወንዝ አፍ ላይ ተከብባ ከሰጠመችው «ኬኒግስበርግ» ከተባለች መርከብ ላይ ተነቅሎ የመጣ ነው። መድፉ እንኳ የመርከቧን ያህል መንገደኛ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ከታንጋኒካ ትንሽ ወጣ ብዬ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። በጎረቤቱ በኒያሳ ሐይቅ፣ ዛሬ ማላዊ በሚባለው፣ እንግሊዝም ጀርመንም መርከብ ነበራቸው። ሁለቱ ካፒቴኖች፣ እንግሊዛዊው ሮድስና ጀርመናዊው በርንት፣ አብረው የሚጠጡ ወዳጆች ነበሩ። ነሐሴ 1914 ላይ የጦርነቱ ወሬ ለሮድስ ቀድሞ ደረሰውና፣ ሄዶ ለጥገና ዳርቻ ላይ በቆመችው የወዳጁ መርከብ ላይ ተኮሰ። በርንት ነገሩ ስላልገባው በትንሽ ጀልባ እየቀዘፈ መጥቶ «ሰክረሃል ወይ?» ብሎ ጮኸበት። መልሱ «ጦርነት ተጀምሯል፣ ተማርከሃል» ሆነ። በሐይቅ ላይ ጠላትህ ጎረቤትህ ነው፤ መርከቡን በስሟ፣ ካፒቴኑን በመልኩ ታውቀዋለህ። ወሬ ቀድሞ የደረሰው ያሸንፋል።

ወደ ታንጋኒካ እንመለስ። ሚያዝያ 1915 ላይ ጆን ሊ የሚባል፣ በዚያ አካባቢ ለዓመታት ሲያድን የኖረ ሰው ለንደን የባሕር ኃይሉ ዋና መሥሪያ ቤት ቀረበና አንድ ሐሳብ አመጣ። ፈጣን የሞተር ጀልባዎች በመርከብ እስከ ደቡብ አፍሪካ፣ ከዚያ በባቡር ወደ ኮንጎ፣ ሐዲድ በሌለበት ደግሞ ጫካውን አቋርጠው ይጎተቱና ሐይቁ ላይ ይጣሉ የሚል። ሐሳቡ የቀረበላቸው አድሚራል ሰር ሄንሪ ጃክሰን፣ ጀልባ የሚንሳፈፍበት ውሃ ካለ እዚያ ድረስ ሄዶ መዋጋት ግዴታችን ነው ብለው ተቀበሉት።

አዛዥ ሆኖ የተላከው ጄፍሪ ስፓይሰር ሲምሰን ነው። የሚያሳዝን የአገልግሎት ታሪክ የነበረው መኮንን ነው። ጦርነቱ በጀመረ ሰሞን በእርሱ ሥር የነበረች አንዲት መርከብ እርሱ የብስ ላይ ከባለቤቱ ጋር ሳለ በጠላት ቶርፒዶ ተመትታ ሰጥማ፣ ቢሮ ውስጥ ወረቀት ሲያገላብጥ የኖረ ሰው ነው። ይህን ሥራ የሰጡት ሌላ የተሻለ ሰው ሊያባክኑበት ስላልፈለጉ ይመስለኛል። ጀልባዎቹ ቶርኒክሮፍት በተባለው ፋብሪካ የተሠሩ፣ ከእንጨት የሆኑ፣ 12 ሜትር ገደማ የሚረዝሙ ናቸው። ፊታቸው ላይ አንድ ትንሽ መድፍ፣ ኋላቸው ላይ አንድ መትረየስ ተተከለ። ስፓይሰር ሲምሰን «ድመት» እና «ውሻ» ይባሉ ብሎ ጠየቀ፤ የበላዮቹ ለንጉሥ መርከብ አይሆንም አሉት። «እንግዲያው ሚሚና ቱቱ ይሁኑ» አለና ፈቀዱለት፤ ያው ድመትና ውሻ መሆናቸውን የፓሪስ ሕፃናት ይነግሯችኋል።

ሰኔ 15 ቀን 1915 ከእንግሊዝ ተነሡ። በሐምሌ መጀመሪያ ኬፕታውን ገቡ። ከዚያ ባቡር፤ በቪክቶሪያ ፏፏቴ አልፎ፣ ዛሬ ሉቡምባሺ በምትባለው ከተማ አልፎ፣ ፉንጉሩሜ የሚባል ቦታ ሐዲዱ አለቀ። እስከዚህ ድረስ ያለው ጉዞ ቲኬትና ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር። ከዚህ በኋላ ያለው 235 ኪሎ ሜትር ገደማ ግን ሌላ ዓለም ነው፤ እስከ ሳንኪሲያ ድረስ ጫካ፣ ወንዝና የሚቱምባ ተራሮች።

እዚህ ቆም እንበል፤ ለኔ ታሪኩ ያለው እዚህ ነው።

መንገድ አልነበረም። ስለዚህ መንገዱ ከጀልባዎቹ ፊት ፊት እየተሠራ መሄድ ነበረበት። ሊ ቀድሞ ሄዶ የአካባቢውን ሰው መልምሎ ነበር። ዛፉ በመጥረቢያ ተቆረጠ፣ ጉቶው ተነቀለ፣ ድንጋዩ ተፈነቀለ፣ በየደረቁ ወንዝና በየሸለቆው ላይ ከግንድ ድልድይ ተሠራ። ድልድዩ ከመቶ በላይ ነው። ጎታቾቹ በእንፋሎት የሚሠሩ ሁለት ግዙፍ መኪኖች ነበሩ፣ በዚያን ጊዜ አውሮፓ ውስጥ ማረሻና መውቂያ የሚያንቀሳቅሱ ዓይነት። አንዱ መኪና አንዱን ጀልባ ይጎትታል። ገና ጉዞው ሲጀመር የተሳቢዎቹ ጎማና አክሰል ክብደቱን አልችል ብሎ ተሰበረ፤ በሌላ ጋሪ ላይ እንደገና ተጫኑ። አንዳንዱ ድልድይ መኪናው ሲደርስበት ይሰነጠቃል። ተራራው ላይ ደግሞ መኪናውም ብቻውን አልቻለም፤ በደርዘን የሚቆጠሩ በሬዎች ተጠመዱ፣ ገመድና መዘውር ከትልልቅ ዛፎች ጋር ታሰረ፣ ጀልባዎቹም ክንድ በክንድ ወደ ላይ ተሳቡ። ዳገቱ ሲያልቅ ቁልቁለቱ መጣ፤ ቁልቁለት ላይ ያለ ፍሬን የሚንሸራተት የጦር ጀልባ ከዳገቱ ይብሳል።

የእንፋሎት መኪና ሁለት ነገር ይበላል፣ እንጨትና ውሃ። እንጨቱ ሞልቷል። ውሃው ግን በበጋው ደርቆ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ሰዎቹ የሚጠጡት ውሃ በስፍር ሆነ፤ መኪኖቹም ጉሮሯቸው ደርቆ ቆሙ። የእንግሊዝ ንጉሠ ነገሥት ባሕር ኃይል ጫካ ውስጥ ውሃ አጥቶ ቆመ ማለት ነው። ያነሣውም የአካባቢው ሴቶች እንስራ ነው። ከሩቅ ምንጭ እየቀዱ፣ በራሳቸው ላይ ተሸክመው፣ ወደ መኪናው ሆድ ውስጥ ገለበጡለት። መኪናው ውሃውን ጨርሶ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ እንደገና ይቆማል፤ እንስራዎቹም እንደገና ይመጣሉ። የእነዚህን ሴቶች ስም የጻፈ የለም። የዘመቻው መኮንኖች ስም፣ ማዕረግ፣ ጠባይ፣ ምን ይጠጡ እንደነበር ሳይቀር ተጽፏል።

ሐሳቡን ያመጣው ሊም መጨረሻውን አላየም። በስካርና ምሥጢር በማውጣት ተወቅሶ፣ ስፓይሰር ሲምሰን ከመንገድ አሰናበተው። ክሱ እውነት ይሁን ቅናት፣ እኔ ወደ ቅናቱ አደላለሁ።

መስከረም 28 ቀን ሳንኪሲያ ደረሱ። ከዚያ አጭር ባቡር፣ ከዚያ የሉአላባ ወንዝ። ወንዙ ጎድሎ ስለነበር ጀልባዎቹ በየአሸዋው ላይ ይቀመጣሉ፤ ከፍ ብለው እንዲንሳፈፉ ባዶ በርሜሎች ከሥራቸው ታሰሩ። እንደገና ባቡር። በጥቅምት መጨረሻ፣ ከአራት ወር በላይ ተጉዘው፣ ዛሬ ካሌሚ የምትባለው የቤልጂጎቹ ከተማ ዳርቻ ላይ ሐይቁን አዩት። ጀርመኖቹ ከሐይቁ ማዶ ሆነው ቤልጂጎቹ አንድ ነገር እየሠሩ እንደሆነ ይጠረጥሩ ነበር። በተራራ ላይ የጦር ጀልባ እየመጣ ነው ብሎ ማን ያስባል?

ውጊያውን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ እርሱ ራሱም አጭር ነበር። ጀልባዎቹ ውሃ የነኩት በፈረንጆቹ ገና ዋዜማ ሰሞን ነው። ታኅሣሥ 26 ቀን 1915 እሑድ ነበር። ስፓይሰር ሲምሰን ሰዎቹን አሰልፎ ጸሎት ሲያደርስ «ኪንጋኒ» ለስለላ ስትቀርብ ታየች። ጸሎቱን አላቋረጠም ይባላል። ከዚያ ሚሚና ቱቱ ወጥተው ከኋላዋ መጡባት። የኪንጋኒ መድፍ ወደ ፊት ብቻ ነበር የሚተኩሰው፤ ጀልባዎቹ ደግሞ ከእርሷ እጥፍ ገደማ ይፈጥናሉ። ከሩብ ሰዓት ባነሰ ጊዜ አዛዥዋ ተገድሎ ባንዲራዋ ወረደ። በመርከቧ ላይ የነበረች አንዲት ፍየል ከነነፍሷ ተማረከች። ኪንጋኒን ጠግነው፣ ከበድ ያለ መድፍ ተክለው፣ «ፊፊ» ብለው ሰየሟት።

ዚመር መርከቧ የት እንደገባች ግራ ገባው። ከዳርቻ በተተኮሰ መድፍ የጠፋች መስሎት ሄድቪግን እንድትፈልጋት ላካት። የካቲት 9 ቀን 1916 ነበር። ያን ቀን ሐይቁ እንደ መስተዋት ረግቶ ነበር፤ ሙቀቱ በፈጠረው ነጸብራቅ ርቀት መገመት አልተቻለም። ፊፊ አዲሱን ከባድ መድፏን ስትተኩስ ምቱ ራሷን ወደ ኋላ እየገፋ ያዘገያት ጀመር፤ ጥይቷም ሊያልቅ ተቃረበ። ሚሚ ቀርባ ተኩሱ ከዒላማው እያለፈ መሆኑን ነገረቻት፤ አስተካከለችና የሄድቪግን የሞተር ክፍል መታች። ሄድቪግ ሰጠመች፣ የተረፉት ተማረኩ፣ የጀርመን ባሕር ኃይል ባንዲራም በእጅ ገባ። በሁለቱ ውጊያዎች ከእንግሊዞቹ አንድም ሰው አልሞተም።

በማግስቱ ትልቋ ጌትሰን እህቷን ፍለጋ ቀስ ብላ ከካሌሚ ፊት ለፊት አለፈች። የስፓይሰር ሲምሰን መኮንኖች እንውጣ አሉ። እርሱ አይሆንም አለ። ብዙ ጸሐፊዎች እዚህ ላይ ፈሪ ይሉታል፤ እኔ አልልም። በ12 ሜትር የእንጨት ጀልባ 105 ሚሊ ሜትር መድፍ ፊት መቆም ሌላ ስም አለው። የሚያስወቅሰው ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። ሰኔ ላይ በሐይቁ ደቡብ፣ ዛሬ ካሳንጋ በሚባለው የጀርመኖች ምሽግ፣ የየብሱ ጦር ከበባ ሲያደርግ በውሃው በኩል መዝጋት የእርሱ ሥራ ነበር። የምሽጉን መድፎች ፈርቶ ራቅ ብሎ ቆመ፤ ጀርመኖቹም በጀልባ ወጥተው አመለጡ። ምሽጉ ሲያዝ መድፎቹ ከእንጨት የተሠሩ ሆነው ተገኙ።

ጌትሰንን ለመጣል የመጣ ጀልባ አልተገኘም። ቤልጂጎቹ በየብስ ገፉ፣ ከእንግሊዝ ያገኟቸው የባሕር አውሮፕላኖችም ኪጎማን ደበደቡ። መድፏ ለየብሱ ጦርነት ስለተፈለገ ተነቅሎ ተወሰደ። ሐምሌ 26 ቀን 1916 ዚመር እንድትሰጥም አዘዘ። የማሰጠሙን ሥራ የያዙት እነዚያው ከፓፐንቡርግ የመጡት ሦስት ሠራተኞች ናቸው። አንድ ቀን ተመልሰን እናወጣታለን ብለው አሰቡና ሞተሮቿን በወፍራም ግራሶ ቀብተው፣ ማላጋራሲ ወንዝ አፍ አጠገብ አስተኟት።

ስፓይሰር ሲምሰን ኒሻን ተሸልሞ ወደ ቢሮው ተመለሰ፤ ሌላ መርከብ አላዘዘም፤ በ1947 ካናዳ ውስጥ አረፈ። ሲ. ኤስ. ፎረስተር በ1935 በጻፈው «ዘ አፍሪካን ኩዊን» በተባለው ልብ ወለድ፣ ኋላም በ1951 በወጣው ፊልሙ የዚህ ዘመቻ ጥላ አለ። በፊልሙ ውስጥ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ፣ ሁለቱም ነጮች፣ ጀልባዋን ብቻቸውን ያደርሷታል። ፊልሙ ጥሩ ፊልም ነው። እውነቱ ግን በዚያ ጫካ ብቻውን ጀልባ ያደረሰ ነጭ አልነበረም።

ይህን የምለው ለወቀሳ ብቻ አይደለም፣ ሒሳቡ እንዲታወቅ ነው። በምሥራቅ አፍሪካው ጦርነት እንግሊዝ ብቻ ያሰማራቻቸው ተሸካሚዎች አንድ ሚሊዮን ገደማ ነበሩ፤ ከእነርሱ ከ90,000 በላይ ሞተዋል፣ አብዛኞቹም በበሽታ፣ በረኀብና በድካም። ስለዚህ የታንጋኒካን ድል ለማን ትሰጣለህ ብትሉኝ፣ ለሚሚና ለቱቱ መድፈኞች ሩብ ሰዓታቸውን እሰጣለሁ። ቀሪውን ከፉንጉሩሜ እስከ ሳንኪሲያ ድረስ ለቆፈሩት፣ ለጎተቱትና ውሃ ለቀዱት እሰጣለሁ። ቢያንስ የታሪክ መምህራን ይህን ዘመቻ ስታስተምሩ ከዚያ ጀምሩ።

ጌትሰን ምን ሆነች ለሚለኝ ደግሞ፤ በ1924 እንግሊዞች ከውሃ አወጧት። ግራሶው ሥራውን ሠርቶ ነበርና ሞተሮቿ ደህና ሆነው ተገኙ። በ1927 «ሊምባ» ተብላ የመንገደኛ መርከብ ሆነች። ከዚያ ለአሥርት ዓመታት በሐይቁ ዳርቻ የሚኖረውን ሕዝብ ከነዓሣው፣ ከነበቆሎው፣ ከነአናናሱ ስታመላልስ ኖረች። በግንቦት 2015 ከብሩንዲ ሸሽተው ካጉንጋ መንደር ላይ የተከማቹትን በሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች ወደ ኪጎማ ያሻገረቻቸው እርሷ ናት።